ኤሚል ቦዶ፤ አምስት ቍልፎችና አንድ ሠንጠረዥ

በዳሞታ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በወላይታ ሶዶ ከተማ አንድ ስም በሁለት ዐይነት ሆሄ ተጽፎ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ወላይትኛ በ1979 በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትምህርት ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን ትምህርት ቤቶች ቋንቋውን በላቲን ሆሄ ያስተምራሉ፤ አማርኛው ደግሞ በግዕዝ ፊደል እንደ ጸና ነው። እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ አስቸጋሪነቱ ይጐላል። «ወላይታ» የሚለው ስም በግዕዝ ፊደል አራት ሆሄ ነው፤ እያንዳንዱ ሆሄ በሁለት ባይት በሚቀመጥበት አሠራር ስምንት ባይት ይይዛል። ይኸው ስም በቋንቋው የላቲን አጻጻፍ «ት» ተደግማ ሲጻፍ ስምንት ፊደል ስለሚሆንና እያንዳንዱም በአንድ ባይት ስለሚቀመጥ፣ ርዝመቱ ያው ስምንት ባይት ነው። አንድ መሐንዲስ በመሥራት ላይ ያለ ፕሮግራም አቁሞ፣ ዲበገር በሚባለው የስሕተት መፈለጊያ መሣሪያ ውስጡን ቢመረምር የሚያገኘው በሁለቱም በኩል ስምንት ቍጥሮችን ብቻ ነው። ቍጥሮቹ በየትኛው የፊደል ሠንጠረዥ መነበብ እንዳለባቸው ከራሳቸው ከቍጥሮቹ መካከል ቆሞ የሚመሰክር የለም። ሠንጠረዡን የሚመርጠው ወይ መርማሪው ነው፤ ወይም መርማሪው ዝም ሲል መሣሪያው በልማዱ የሚይዘው ነባሪ ሠንጠረዥ ነው።

ይህ ችግር የኮምፒዩተር ዘመን የወለደው ይመስላል። ሆኖም ከመቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት፣ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ባልታሰበበት ጊዜ፣ አንድ የፈረንሳይ ገበሬ ልጅ በቴሌግራፍ ሽቦ ላይ ገጥሞት ነበር። ያ ሰው ዣን ሞሪስ ኤሚል ቦዶ ይባላል። የምልክትን ፍጥነት የሚለካው ቦድ የተባለው መለኪያ በስሙ የተሰየመ በመሆኑ፣ የመገናኛ መሐንዲሶች ሁሉ የእርሱን ስም ሳያውቁት ሲጠሩት ይኖራሉ።

ከእርሻ ወደ ቴሌግራፍ

ቦዶ የተወለደው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1845 በፈረንሳይ ኦት ማርን በተባለው ክፍለ ሀገር፣ ማኞ በምትባል መንደር ነው። መደበኛ ትምህርቱ ከመንደሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አላለፈም። ከዚያ በኋላ በአባቱ እርሻ ላይ ሲሠራ ቆይቶ፣ በ1869 በፈረንሳይ የፖስታና የቴሌግራፍ አስተዳደር ውስጥ በተለማማጅ ኦፕሬተርነት ተቀጠረ።

መሥሪያ ቤቱ በመጀመሪያ የሞርስን ቴሌግራፍ አስተማረው። በሞርስ አሠራር እያንዳንዱ ፊደል የነጥብና የሰረዝ ድርድር ሲሆን፣ የፊደሎቹ ርዝመት እኩል አይደለም፤ አንዱ በአንዲት ነጥብ ሲያበቃ ሌላው አራት ምልክት ይፈጃል። አንዱ ፊደል የት እንዳለቀና ሌላው የት እንደ ጀመረ የሚለየው በለመደ የሰው ጆሮ ነው። ቀጥሎም የዴቪድ ሂዩዝን ማተሚያ ቴሌግራፍ እንዲማር ለአራት ወራት ሥልጠና ተላከ። የሂዩዝ መሣሪያ የፒያኖ ዐይነት ቍልፎች ያሉት ሲሆን፣ የሚደርሰውን መልእክት ራሱ በፊደል ያትም ነበር። ቦዶ ከእነዚህ ከሁለቱ አንድ አንድ ነገር ተማረ፤ ከሞርስ፣ ፊደል በምልክት ሊወከል እንደሚችል፤ ከሂዩዝ፣ ምልክቱን አንብቦ ወደ ፊደል የሚመልሰው ማሽን ሊሆን እንደሚችል።

በ1870 ፈረንሳይና ፕሩሲያ ጦርነት ሲገጥሙ ለአጭር ጊዜ ዘምቶ፣ በ1872 ወደ ፓሪስና ወደ ሰላማዊ ሥራው ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ሐሳቡን የያዘው ጉዳይ የሽቦው ሥራ ፈትነት ነበር። በሂዩዝ መሣሪያ ፊደል የሚተላለፍባት ቅጽበት እጅግ አጭር ናት፤ ከአንዱ ፊደል እስከ ሌላው ባለው ጊዜ ያ በብዙ ወጪ የተዘረጋ ሽቦ ባዶውን ይቆያል። በአንድ ሽቦ ብዙ ሠራተኞች በየተራ ቢጠቀሙበት፣ ሌላ ሽቦ ሳይጨመር የመልእክቱ ብዛት በእጥፍ ድርብ ሊያድግ እንደሚችል ተገነዘበ። መሥሪያ ቤቱም በሐሳቡ እንዲገፋበት አበረታታው፤ ነገር ግን ምርምሩን ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በራሱ ጊዜ እንዲያካሂድ ነበር።

የተራ አሠራርና የእኩል ርዝመት ሕግ

የቦዶ መፍትሔ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በዕቁብ ሊመሰል ይችላል። የዕቁብ አባላት ሁሉ በአንድ ጊዜ አይወስዱም፤ ነገር ግን ተራው በሥርዓት እስከ ዞረ ድረስ ሁሉም ይደርሳቸዋል። ቦዶም አከፋፋይ የሚባል ክብ ሰሌዳ ሠርቶ በክፍሎች ከፋፈለው፤ በላዩ ላይ የሚሽከረከር ብሩሽ እያንዳንዱን ክፍል በየተራ እየነካ ያልፋል። በላኪውም በተቀባዩም ጣቢያ ያሉት ብሩሾች እኩል ስለሚዞሩ፣ በላኪው በኩል የመጀመሪያው ሠራተኛ ተራ ሲደርስ በተቀባዩም በኩል የሚከፈተው የእርሱ መቀበያ ነው። በዚህ ዐይነት አራት ሠራተኞች በአንድ ሽቦ፣ አንዱ የሌላውን መልእክት ሳያውክ፣ ይሠሩ ነበር።

ይሁን እንጂ ተራው በትክክል እንዲዞር አንድ ነገር የግድ አስፈለገ። የሁሉም ሰው ድርሻ እኩል መሆን አለበት። አንዱ ፊደል አጭር፣ ሌላው ረጅም ከሆነ ክቡን በእኩል መክፈል አይቻልም። ስለዚህ የሞርስ እኩልነት የሌለው ሠንጠረዥ ተጥሎ፣ እያንዳንዱ ፊደል በእኩል ቍጥር ምልክቶች የሚወከልበት ሌላ ሠንጠረዥ መመረጥ ነበረበት። ቦዶ በመጨረሻ የጸናው በአምስት ምልክቶች ላይ ነው። እያንዳንዱ ምልክት ከሁለት ዐይነት የኤሌክትሪክ ፍሰት አንዱን ይይዛል፤ አምስት ጊዜ ሁለት አማራጭ 32 ጥምረት ይሰጣል። ሐሳቡ ከእርሱ በፊት ፈጽሞ ያልታወቀ አልነበረም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፍራንሲስ ቤከን በ1623 ባሳተመው የምስጢር አጻጻፍ ፊደሎችን በሁለት ዐይነት ምልክቶች አምስት አምስት እያደረገ ወክሏቸዋል። ጀርመናውያኑ ጋውስና ቬበርም በ1830ዎቹ በቴሌግራፍ ሙከራቸው የአምስት ምልክት ሠንጠረዥ ተጠቅመዋል። የቦዶ ድርሻ ሠንጠረዡን ከተራው አሠራርና ከማተሚያው ጋር አዋሕዶ፣ በየቀኑ የሚሠራ መሣሪያ ማድረጉ ነው። የመጀመሪያውን የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው ጁን 17 ቀን 1874 ነበር።

የመላኪያው ገበታ አምስት ቍልፎች ብቻ ነበሩት፤ ሁለቱ ለግራ እጅ፣ ሦስቱ ለቀኝ እጅ። ሠራተኛው አንድን ፊደል ለመላክ ቍልፎቹን አንድ በአንድ ሳይሆን እንደ በገና ክር ባንድነት ይይዛቸዋል። ተራው በደረሰ ቍጥር መሣሪያው ድምፅ ያሰማዋል፤ እርሱም ሳይፈጥንና ሳይዘገይ በዚያች ቅጽበት ጥምረቱን መጫን አለበት። የማኅሌት አገልጋዮች በጸናጽልና በመቋሚያ ልክ እንደሚራመዱ ሁሉ፣ የቦዶ ሠራተኞችም በመሣሪያው ምት ልክ ይሠሩ ነበር። ልኩ በሰከንድ ሦስት ፊደል፣ በደቂቃ ሠላሳ ቃል ገደማ ነበር።

ሠንጠረዡ የተደረደረውም በዘፈቀደ አልነበረም። ቦዶ የፈረንሳይኛ አናባቢዎችን በሙሉ በቀኝ እጅ ሦስት ቍልፎች ብቻ እንዲጻፉ አድርጎ፣ ተነባቢዎቹን ደግሞ የግራ እጅ ቍልፍ እንዲጨመርባቸው አደረገ። ይህም የተለማማጁን ጣትና ትውስታ ለማገዝ የታሰበ ነው። እንግዲህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የፊደል ሠንጠረዥ የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን፣ አንድ ሰው ለሌላ ሰው ሲል ያደረገው ምርጫ ነበር። በሽቦው ላይ የሚሄደው ፍሰት ግን ይህን ምርጫ አይሸከምም።

አንድ ጥምረት፣ ሁለት ንባብ

ከ32ቱ ጥምረቶች አንዱ ገበታው ሳይነካ ሲቀር የሚታየው የዕረፍት ሁኔታ ስለሆነ፣ ለሥራ የሚቀሩት 31 ናቸው። ፊደሎችን፣ ቍጥሮችንና ሥርዓተ ነጥቦችን ሁሉ በ31 ቦታ ማስፈር አይቻልም። ቦዶ ስድስተኛ ምልክት ቢጨምር ኖሮ ቦታው ይበቃው ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፊደል በሽቦው ላይ የሚወስደው ጊዜ ይረዝምበታል። ስለዚህ ሌላ ዘዴ መረጠ። ለእያንዳንዱ ጥምረት ሁለት ንባብ ሰጠው፤ አንዱ በፊደል ረድፍ፣ ሌላው በቍጥር ረድፍ። ከግራ እጅ ሁለት ቍልፎች አንደኛው ብቻውን ሲጫን ማተሚያው ወደ ፊደል ረድፍ፣ ሌላው ብቻውን ሲጫን ወደ ቍጥር ረድፍ ይሻገራል። ከዚያ በኋላ የመሻገሪያው ምልክት እንደ ገና እስኪመጣ ድረስ የሚደርሰው ሁሉ በዚያው ረድፍ ይነበባል።

ዘዴው ብልህ ነበር፤ ዋጋም ነበረው። የላቲን ፊደላት መጀመሪያ የሆነችው ሆሄና የቍጥር 1 ምልክት አንድ ዐይነት ጥምረት ናቸው። የመሻገሪያው ምልክት በሽቦው እንከን ምክንያት ቢጠፋ፣ የሰው ስም በቍጥር ክምር፣ የሸቀጥ ዋጋም በፊደል ዝብርቅርቅ ተለውጦ ይታተማል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጡት ምልክቶች እያንዳንዳቸው በትክክል መድረሳቸው ነው። ሽቦው አልተሳሳተም፤ መቀበያውም አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው የትኛው ረድፍ እንደ ተያዘ የሚገልጸው ስምምነት ብቻ ነው። ዛሬ ዲበገር ይዞ በተዘበራረቀ ጽሑፍ ፊት የሚቀመጥ መሐንዲስ የሚያየው ይህንኑ በሽታ ነው። ባይቶቹ ሁሉ ደኅና ሆነው ንባቡ ብቻ ይታመማል።

ሙከራ፣ ክብርና ክርክር

መሣሪያው በሥራ መስመር ላይ መጀመሪያ የተፈተነው ኖቬምበር 12 ቀን 1877 በፓሪስና በቦርዶ መካከል ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ 1,700 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው በፓሪስና በሮማ መስመር ላይ ሥራ ጀመረ። በ1878 በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ቀርቦ የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ፤ ዝናውም ከፈረንሳይ ውጭ ወጣ።

ነገር ግን ክብሩ ኪሱን አልሞላለትም። የቴሌግራፍ አስተዳደሩ ለምርምሩ የሚሰጠው እርዳታ አነስተኛ ስለ ነበር፣ ቦዶ ብዙውን ወጪ ከራሱ ይከፍል ነበር። በ1880 ያንን የወርቅ ሜዳይ እስከ መሸጥ ደረሰ። በዚያው ዓመት በማዕርግ ከፍ ተደረገ፤ በ1882ም ኢንስፔክተር መሐንዲስ ተባለ። አንደኛ ደረጃ ብቻ የተማረው የገበሬ ልጅ በመሐንዲስነት ስም የተጠራው በትምህርት ማስረጃ ሳይሆን በሠራው ሥራ ነው።

ከድህነቱ ይልቅ የከበደው የባለቤትነት ክርክር ነበር። ሉዊ ቪክቶር ሚሞ የተባለ ሌላ የቴሌግራፍ ሠራተኛ በዚያው በ1874 በአምስት ሽቦዎች የሚሠራ መሣሪያ አስመዝግቦ፣ በአስተዳደሩ ተቀባይነት ስላላገኘ አሻሽሎ ደግሞ አቅርቦ ነበር። ሚሞ የአምስት ምልክቱ ሐሳብ ቀድሞ የእኔ ነው በማለት በ1877 ቦዶን ከሰሰው። የፓሪስ ፍርድ ቤት በመጀመሪያ ለሚሞ ፈረደ፤ ፍርዱ ግን ሁለቱንም ወገኖች አላስደሰተም። በመጨረሻም ተሽሮ ሚሞ የክርክሩን ወጪ በሙሉ እንዲከፍል ተወሰነበት። ሰውየው ይህን መሸከም አቃተው። ልዩ ካሳና የክብር ኒሻን ጠየቀ፤ ጥያቄውን የመረመረው በቴሌግራፍ ምርምር ኃላፊው በዡል ሬኖ የሚመራ ኮሚሽን ውድቅ ሲያደርግበት፣ ሚሞ ሬኖን በጥይት ገደለው። ሚሞም በከባድ ቅጣት ተፈረደበት። የ32 ጥምረት ሠንጠረዥ ለተመልካች ደረቅ ነገር ይመስላል፤ ለሠሩት ሰዎች ግን የዕድሜ ልክ ድካም፣ ስምና እንጀራ ነበር።

ቦዶ በዚህ ሁሉ መካከል ሥራውን አላቋረጠም። ወደ ቴሌግራፍ ከገባ ብዙም ሳይቆይ የያዘው ሕመም አልፎ አልፎ ከሥራ ያስቀረው ነበር፤ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜም አልለቀቀውም። በጃንዋሪ 1890 ማሪ ዦዜፊን አደላይድ ላንግሮኜን አገባ፤ ሚስቱ ግን ከሦስት ወር በኋላ በአፕሪል 9 ቀን ሞተችበት። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ፓሪስን፣ ቫንንና ሎሪያንን በአንድ ሽቦ አገናኘ። በ1894 የፓሪስንና የሚላኖን የአክሲዮን ገበያዎች፣ መልእክትን ተቀብሎ መልሶ በሚልክ አዲስ መሣሪያው፣ በአንድ ሽቦ አስተሳሰረ። በ1897 ደግሞ መልእክቱ አስቀድሞ በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ እንዲዘጋጅ ተደረገ፤ አምስት ረድፍ ቀዳዳ ለፊደሉ፣ አንድ ረድፍ ትናንሽ ቀዳዳ ጥብጣቡን ለመሳብ። በዚህም ሠራተኛው ከመሣሪያው ምት ባርነት ወጣ።

ኢጣሊያ በ1887፣ ኔዘርላንድ በ1895፣ ስዊዘርላንድ በ1896፣ ኦስትሪያና ብራዚል በ1897፣ ጀርመን በ1900 የቦዶን አሠራር ተቀበሉ። ኤሚል ቦዶ ማርች 28 ቀን 1903 በፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በሶ ከተማ በ57 ዓመቱ ዐረፈ።

ከቦዶ በኋላ

ሠንጠረዡ ከባለቤቱ በኋላ ለብዙ ዘመን ኖረ፤ ነገር ግን እንደ ነበረ አልኖረም። የኒው ዚላንዱ ዶናልድ መሪ በ1901 ገደማ ፊደል የተጻፈበትን የጽሕፈት መኪና ገበታ ለላኪው ሰጠውና፣ አምስቱን ቍልፎች የሚያጠና ጣት አስፈላጊነቱ ቀረ። መሪ የጨነቀው ለጣት ሳይሆን ለማሽን ነበር፤ ስለዚህ በብዛት ለሚመጡት ፊደሎች ጥቂት ቀዳዳ የሚበሱትን ጥምረቶች መደበ፤ የመብሻው ብረት እንዳይደክም ነው። የቦዶ ሠንጠረዥ ዓለም አቀፍ የቴሌግራፍ ፊደል ቍጥር 1፣ ከመሪ ሥራ የመነጨውም ቍጥር 2 ተባሉ። ሁለቱም አምስት ምልክት አላቸው፤ ሁለቱም 32 ጥምረት አላቸው፤ የአንዱን መልእክት በሌላው የሚያነብ ግን ትርጕም የሌለው የፊደል ክምር ያገኛል። የምልክቱ ቅርጽ ባይለወጥም የተመረጠበት ዓላማ ተለውጧልና።

ቴሌክስ የተመሠረተው በዚህ በሁለተኛው ሠንጠረዥ ላይ ነው። ቀደምት ኮምፒዩተሮችም ባለ አምስት ቀዳዳውን ጥብጣብ ከቴሌግራፍ ወረሱ። አለን ቱሪንግ በ1951 ለማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ባዘጋጀው የፕሮግራም መመሪያ፣ የማሽኑ ይዘት አምስት አምስት ቢት እየተደረገ በቴሌፕሪንተር ፊደል ይጻፍና ይነበብ ነበር። አምስቱም ቢት ዜሮ ሲሆኑ የሚታየው ያዘመመ ጭረት ስለ ነበር፣ ባዶው የማኅደር ክፍል በወረቀት ላይ የጭረት ዝናብ ይመስል ነበር። ፕሮግራምን ገልጦ በሚያይ ሰው ፊት ከነባሪ ሠንጠረዦች ቀደምት ከሆኑት መካከል የቦዶ ቤተ ሰብ አንዱ ነበር ማለት ይቻላል።

የአምስቱ ምልክት ጠባብነት በኢትዮጵያ ይበልጥ ይታወቃል። የግዕዝ ፊደል ለአማርኛ ሲውል 33 የሚሆኑ ዋና ሆሄያት በሰባት እርባታ ከ230 በላይ ይደርሳሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩም ይበዛሉ። ሁለት ረድፍ ያለው የአምስት ምልክት ሠንጠረዥ ግን ስድሳ ያህል ቦታ እንኳን በጭንቅ ይሰጣል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ሲቀይሱ፣ ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅም የአማርኛ ቴሌፕሪንተር ሲሠሩ የተጋፈጡት ይህንኑ የቦታ ጥበት ነው። ኮምፒዩተር ሲመጣም የግዕዝ ፊደል አዘጋጆች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሠንጠረዥ አወጡ፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት አይነበብም ነበር። ይህ ዘመን ማብቃት የጀመረው በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለግዕዝ ሆሄያት የጋራ ቍጥር ሲሰጥ ነው።

ይሁንና የጋራው ቍጥር በማኅደር ውስጥ የሚቀመጥበት መንገድ ዛሬም አንድ ብቻ አይደለም። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አቀማመጥ አንድ የግዕዝ ሆሄ ሦስት ባይት ይይዛል። «ሀ» 225፣ 136 እና 128 የሚሉ ቍጥሮች ሆና ትቀመጣለች፤ የዋናው የግዕዝ ክፍል ሆሄያትም ሁሉ በ225 ይጀምራሉ። በመርማሪው መስኮት 225 በየሦስት ባይቱ እየተደጋገመ ከታየ፣ ይህ በዩቲኤፍ 8 የተቀመጠ የግዕዝ ጽሑፍ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። መሣሪያው ግን የምዕራብ አውሮፓን ሠንጠረዥ በነባሪነት ከያዘ፣ አንዷን «ሀ» ጭረት ያለበት የላቲን ፊደል፣ ሌላ ምልክትና የዩሮ ምልክት አድርጎ ሦስት ቦታ ይበትናታል።

ዩቲኤፍ 16 በሚባለው አቀማመጥ ደግሞ ሆሄው ሁለት ባይት ሲሆን፣ ከሁለቱ ከፍተኛው ባይት 18 ወይም 19 ነው። እዚህ ሌላ ወጥመድ አለ። የ«ሀ» ዝቅተኛ ባይት ዜሮ ነው። ዝቅተኛውን ባይት በሚያስቀድም ማሽን ላይ፣ ዜሮ ባገኘ ቍጥር ጽሑፉ አለቀ ብሎ የሚያቆም መሣሪያ «ሀብታሙ» የሚለውን ስም ገና ከመጀመሪያው ባዶ ነው ይላል። መሐንዲሱ መሣሪያውን ካመነ ስሙን ያጠፋው ፕሮግራሙ ነው ብሎ በሌለ ስሕተት ላይ ቀኑን ያጠፋል።

ጂዲቢ በተባለው በሰፊው በሚሠራበት ዲበገር ውስጥ መርማሪው የሚሠራበት ማሽን ሠንጠረዥና የሚመረመረው ፕሮግራም ሠንጠረዥ ለየብቻ የሚታወጁት ስለዚህ ነው። ካልተነገረው መሣሪያው ከራሱ ማሽን ልማድ ይነሣና፣ የሚመረመረውም ፕሮግራም እንዲሁ ነው ብሎ ይገምታል። ግምቱ ፕሮግራሙም መርማሪውም የአንድ አገርና የአንድ ዘመን ሰዎች ሲሆኑ ይሠራል። የወላይታ ዞን መዝገብ ግን ሁለት ሆሄ፣ ምናልባትም ከዩኒኮድ በፊት የተቀመጠ ሦስተኛ ዐይነት ጽሑፍ ሊኖረው ይችላል። በዚያ ቦታ ዩቲኤፍ 8ን ነባሪ አድርጎ መያዝ ደግ ልማድ ነው፤ የላቲኑን ወላይትኛና የግዕዙን አማርኛ በአንድ ሠንጠረዥ ያስተናግዳልና። ደግ ልማድ ቢሆንም ምስክር አይደለም። ከፋይሉ፣ ከመረጃ ቋቱ ወይም ከፕሮግራሙ ጸሐፊ የተገኘ ማስረጃ ሲኖር ልማዱ ቦታውን መልቀቅ አለበት፤ የተመረጠውም ሠንጠረዥ ለሚቀጥለው መርማሪ በግልጽ ተጽፎ መቀመጥ አለበት።

ቦዶ ለሙያው ካወረሳቸው ነገሮች ብሩሹ ዝጓል፤ አምስቱ ቍልፎች በሙዚየም ናቸው፤ ሠንጠረዡም በሌሎች ተተክቷል። ያልተተካው የሥራው ሥርዓት ነው። በእርሱ ቴሌግራፍ የቍጥር ረድፍ ሲጀመር የመሻገሪያው ምልክት አስቀድሞ ይላክ ነበር፤ ላኪው ተቀባዩ ይገምተዋል ብሎ አይተወውም። የገበሬው ልጅ በሰከንድ ሦስት ፊደል በሚያልፍበት ጠባብ ሽቦ ላይ፣ እያንዳንዷ ምልክት በምትቈጠርበት ጊዜ፣ ለዚያች ማስታወቂያ የሚሆን ቦታ አላጣም።